ቦዲው ሲነሣ አብሮ የሚነሣው ታሪክ

እ.ኤ.አ. ማርች 13 ቀን 1930 አመሻሽ ላይ፣ በደቡብ ፈረንሳይ የባሕር ጠረፍ ካለችው የካን ከተማ አንድ ትልቅ ቤንትሊ ተነሣ። መሪውን የያዘው ዎልፍ ባርናቶ ነበር። አባቱ በደቡብ አፍሪካ አልማዝ የከበረ፣ ራሱ የቤንትሊ ኩባንያ ሊቀ መንበር የሆነ፣ የሌ ማንን የ24 ሰዓት ውድድር በ1928 እና በ1929 ያሸነፈ ሰው ነው። 100 ፓውንድ አስይዞ ተወራርዷል። «ሰማያዊው ባቡር» የሚባለው ዝነኛ ፈጣን ባቡር ከካን ተነሥቶ በሰሜን ፈረንሳይ ካሌ ሳይደርስ፣ እኔ ባሕሩን ተሻግሬ ለንደን ክለቤ እገባለሁ ነበር ያለው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መንገዱ ፈተና አላጣም። እስከ ሊዮን ዝናቡ አልለቀቃቸውም። ኦሰር ከተማ አካባቢ ነዳጅ ፍለጋ ጊዜ ባከነ። ፓሪስ አጠገብ ደግሞ ጎማ ፈነዳ፤ የያዙት ትርፍ ጎማ አንድ ብቻ ነበር። ያም ሆኖ ባርናቶና ተለዋጭ ሹፌሩ ዴል በርን ረፋዱ ላይ ቡሎኝ ወደብ ደርሰው መርከብ ያዙ። ከቀኑ 9 ሰዓት ከ20 ላይ ቤንትሊው በለንደን ሴንት ጀምስ ጎዳና ክለቡ በር ላይ ቆመ። ባቡሩ ካሌ የገባው ከ4 ደቂቃ በኋላ ነው።

ይህ ታሪክ በመኪና ወዳጆች ዘንድ በወሬም በሥዕልም ሲተላለፍ ኖሯል። ከባቡሩ ጋር ሲሽቀዳደም የሚታየው ገርኒ ናቲንግ የተባለው ቦዲ ሠሪ ቤት የሠራው ኩፔ ነው፤ ጣሪያው ዝቅ ብሎ ወደ ኋላ የሚንሸራተት፣ መስኮቶቹ ጠባብ፣ ሲያዩት የሚያፈዝ መኪና። ነገር ግን ያ ኩፔ ባርናቶ እጅ የገባው በሜይ 1930 ነው፤ ውድድሩ ካለፈ ከሁለት ወር በኋላ። ባቡሩን የቀደመው ሌላ ነበር፤ ኤች. ጄ. ሙሊነር የተባለው ቤት የሠራውን ዝግ ቦዲ የለበሰ፣ ቁመቱ ከፍ ያለ፣ ቤተሰብ ተሳፍሮ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድበት ዓይነት መኪና። ዝናው ለአሥርተ ዓመታት ለተሳሳተው መኪና ሲሰጥ የኖረው፣ ሰው ፈጣን መኪና ምን መምሰል እንዳለበት አስቀድሞ ወስኖ ስለነበረ ነው።

ስህተቱን ያረመው ማስረጃ ቦዲው ነው። ማን ሠራው፣ መቼ ተረከበ፣ የትኛው ሻንሲ ላይ ተጫነ የሚሉት ጥያቄዎች መልስ ስለነበራቸው ነው እውነቱ የወጣው። ዛሬ ግን ከባርናቶ ዘመን የተረፉ እንዲህ ዓይነት ዝግ ቦዲዎች ከሻንሲያቸው እየተነሡ፣ በምትካቸው ዝነኛ የውድድር መኪኖችን የሚመስል አዲስ ቦዲ ሲጫን ብዙ ዓመት ሆኖታል። አንዱ ወገን «መኪናውን ዳግም ሕይወት ሰጠነው» ይላል። ሌላው «ታሪክ አጠፋችሁ» ይላል። ክርክሩ የጥቂት ባለጸጎች ጉዳይ ይመስላል፤ በውስጡ ያለው ጥያቄ ግን ያረጀ ነገር የሚጠብቅን ሰው ሁሉ ይመለከታል።

አንድ መኪና፣ ሁለት ፋብሪካ

ነገሩን ለመረዳት ያን ጊዜ መኪና እንዴት ይሸጥ እንደነበር ማወቅ ይጠይቃል። ደብሊው ኦ. ቤንትሊ ኩባንያውን በ1919 አቋቁሞ፣ በለንደን ሰሜናዊ ክፍል ክሪክልውድ በሚባል ሰፈር መኪና ሲሠራ፣ ከፋብሪካው በር የሚወጣው ሙሉ መኪና አልነበረም። የሚወጣው ሻንሲ ነው፤ ከነሞተሩ፣ ከነካምቢዮው፣ ከነባሌስትራውና ከነራዲያተሩ። ገዢው ያንን ይዞ ወደመረጠው ቦዲ ሠሪ ቤት ይሄዳል። ቫንደን ፕላ፣ ገርኒ ናቲንግ፣ ኤች. ጄ. ሙሊነር፣ ፓርክ ዋርድ፣ ፍሪስቶንና ዌብ የመሳሰሉት ቤቶች እንደ ደንበኛው ፍላጎት፣ እንደ ቁመቱና እንደ ኪሱ ቦዲውን ይሠሩለታል።

ቦዲ ሠሪው ልብስ ሰፊ እንጂ ፋብሪካ አይደለም። አንዱ ገዢ ሹፌሩን ከተሳፋሪው የሚለይ የመስታወት ግርዶሽ ያዝዛል። ሌላው ረጅም ባርኔጣውን ሳያወልቅ የሚገባበት ጣሪያ ይፈልጋል። አንዷ እመቤት የመጋረጃውን ቀለም ራሷ ትመርጣለች። ስለዚህ አንድ ዓይነት ሞተር የተገጠመላቸው ሁለት ቤንትሊዎች ጎን ለጎን ቢቆሙ ወንድማማች የማይመስሉበት ጊዜ ብዙ ነበር።

የቦዲው አጥንት እንጨት ነው። አሽ የሚባለውን ጠንካራና ተለማጭ እንጨት ጠርበው፣ አጣብቀውና በብሎን አስረው ማዋቀሪያውን ያቆማሉ። ከላይ በእጅ የተቀጠቀጠ የአሉሚኒየም ላሜራ ይለብሳል። በ1920ዎቹ ግን አንድ አዲስ ዘዴ ገነነ። በሄይቲ የተወለደው የአውሮፕላን አብራሪ ቻርልስ ዌይማን፣ ከአውሮፕላን አሠራር በመነሣት፣ እንጨት ከእንጨት ጋር እንዳይነካካ መገጣጠሚያዎቹን በብረት ሳህን የሚያያይዝ ቦዲ ፈለሰፈ። ሽፋኑ ላሜራ ሳይሆን ቆዳ መሳይ ሸራ ነው። ቦዲው ቀላል ነው፤ ሻንሲው ሲወዛወዝ አብሮት ይለመጣል፤ ጩኸት የለውም። የቤንትሊ የሌ ማን መኪኖችም በሸራ የተሸፈነ ቦዲ ይለብሱ ነበር። ውድድሩ ለትልልቆቹ መኪኖች አራት መቀመጫ ይጠይቅ ስለነበረ፣ የቫንደን ፕላ ክፍት ባለ አራት መቀመጫ ቦዲ የቤንትሊ መልክ ሆኖ በዓለም ታወቀ።

ቤንትሊ በሌ ማን በ1924፣ ከዚያም ከ1927 እስከ 1930 በተከታታይ አሸነፈ። በ1931 ግን ኩባንያው ከሰረና ሮልስ ሮይስ ገዛው። በክሪክልውድ ዘመን የተሠሩት መኪኖች ጠቅላላ ቁጥር ከ3,000 ትንሽ የሚበልጥ ነው። ከእነዚህ 1,622ቱ ባለ 3 ሊትር፣ 720ዎቹ ባለ 4 ሊትር ተኩል፣ 545ቱ ባለ 6 ሊትር ተኩል ናቸው። ባለ 8 ሊትሩ 100 ብቻ ነው የተሠራው። እንዲያውም ባለ 6 ሊትር ተኩሉ የተወለደው ገዢዎች በባለ 3 ሊትሩ ላይ ከባድ ዝግ ቦዲ እየጫኑበት ስላስቸገሩ ነው። ዝግ ቦዲ የታሪኩ ዳር አልነበረም፤ የሞተሩን መጠን የወሰነው እሱ ነው።

ዝጉ ቦዲ ለምን ተጠላ?

ቦዲ መለወጥ ዛሬ የተጀመረ ነገር አይደለም። ባለ ሻንሲ መኪና ከመነሻው ልብስ እንዲቀይር ሆኖ የተሠራ ነው። በ1930ዎቹ ፋሽን ሲለወጥ ባለቤቱ አሮጌውን ቦዲ አስወርዶ አዲስ ያስጭናል። እንጨቱ ሲበሰብስ፣ ሸራው ሲቀደድ፣ ከአዲሱ የሚሻል አማራጭ አይኖርም። ከባለቤት ወደ ባለቤት ሲያልፍ ትልቁ ቤንትሊ ሬሳ መጫኛ፣ የተበላሸ መኪና መጎተቻ፣ የእርሻ ዕቃ መጫኛ የሆነበት ጊዜ አለ። ሻንሲውና ሞተሩ ከቦዲው ዕድሜ በላይ እንዲኖሩ የተሠሩ ስለነበሩ የሚገርም አይደለም።

ሁለተኛው ማዕበል የመጣው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ያኔ የ1920ዎቹ ትልቅ ዝግ መኪና ነዳጅ የሚጠጣ፣ ለጋራዥ የማይመች፣ ማንም የማይፈልገው አሮጌ ዕቃ ነበር። ወጣት መኪና ወዳጆች በርካሽ ይገዙታል፤ ከባዱን ዝግ ቦዲ ያወርዳሉ፤ በቦታው ቀለል ያለ ክፍት ቦዲ ይሠራሉ፤ ቅዳሜና እሑድ በክለብ ውድድር ይሮጡበታል። እነዚህን ሰዎች መውቀስ አይገባም። እነሱ ባይኖሩ ኖሮ ብዙዎቹ ሻንሲዎች ተቆርጠው ቁርጥራጭ ብረት ሆነው ይሸጡ ነበር። መኪናውን ከሞት ያተረፈው ክፍት ቦዲው ነው።

ሦስተኛው ማዕበል ግን ሌላ ነው። መኪኖቹ ውድ ሆኑ። ክፍቱ የሌ ማን መልክ ከዝጉ እጅግ የበለጠ ዋጋ ያወጣ ጀመር። ከዚያ በኋላ ዝጉን ቦዲ ያወረደው መበስበሱ ሳይሆን የገበያው ልዩነት ሆነ። ጤነኛ፣ በሩ በደንብ የሚዘጋ፣ የመጀመሪያ ወንበሩን የያዘ መኪና፣ የሌላ መኪና ቅጂ እንዲሆን ልብሱ ተገፈፈ።

በጋራዡ ውስጥ

ሥራው እንዲህ ይካሄዳል። በመጀመሪያ ቦዲው ከሻንሲው ጋር የታሰረባቸው ብሎኖች ይፈታሉ፤ ብዙዎቹ ከ90 ዓመት በላይ ሳይነኩ የኖሩ ናቸው። ቦዲው በገመድና በሰንሰለት ወደ ላይ ይሳባል። ሻንሲው ራቁቱን ሲቀር ይለካል። የቤተሰቡ መኪና ከውድድሩ መኪና የሚረዝም ከሆነ፣ ሻንሲው ተቆርጦ ያጥራል። መሪው ወደ ኋላ ዘንበል እንዲል አቀማመጡ ይለወጣል። ትልቅ የነዳጅ ታንከር ከኋላ ይሰቀላል፤ ፓራፋንጎዎቹ ቀጥነው የብስክሌት ይመስላሉ፤ ኮፈኑ በወፍራም የቆዳ ቀበቶ ይታሰራል። አዲሱ የአሽ ማዋቀሪያ ይቆማል፤ ሸራው ተወጥሮ ይለብሳል፤ በአረንጓዴ ቀለም ይቀባል። በመጨረሻ በጎኑ ላይ በነጭ ክብ ውስጥ የውድድር ቁጥር ይጻፋል።

የሚሠሩት እጆች ጥበብ የሚያስከብር ነው። ዛሬ የአሽ እንጨት ጠርቦ የበር ቅስት የሚያወጣ፣ ላሜራን በመዶሻና ጎማ በሚመስል የብረት መሽከርከሪያ አለስልሶ የሚያጎብጥ ባለሙያ ጥቂት ነው። የቅጂ ሥራ ባይኖር ሙያው ራሱ ይደርቅ ነበር የሚሉ ሰዎች አሉ፤ እውነት አላቸው። ባለቤቱም ደስ ብሎት ይነዳዋል። ክፍት መኪና ቀላል ነው፣ ይፈጥናል፣ ነፋሱ ፊት ላይ ይመታል፤ በሙዚየም ከሚቆም መንገድ ላይ ቢታይ ይሻላል የሚለው ክርክርም ቀላል አይደለም።

አሁን ደግሞ ጥግ ላይ የተደገፈውን አሮጌ ቦዲ እንይ። በበሩ ውስጠኛ እንጨት ላይ አናጢው በእርሳስ የጻፈው የሥራ ቁጥር አለ። ከወንበሩ ሥር ቦዲ ሠሪው ቤት የለጠፈው የናስ ሳህን አለ። ከቀለሙ ሥር ቀለም፣ ከዚያም ሥር ሌላ ቀለም አለ፤ እያንዳንዱ የአንድ ባለቤት ዘመን ነው። የግራው እጀታ ከቀኙ የበለጠ የተበላው ሹፌሩ ሁልጊዜ በዚያ በኩል ይከፍት ስለነበረ ነው። ይህ ሁሉ በየትኛውም መዝገብ አልተጻፈም። ቦዲው ከዝናብ በታች ሁለት ክረምት ካደረ፣ እንጨቱ ይፈርሳል፤ ብዙ ጊዜም የሚሆነው ይኸው ነው።

በአገራችን ገዳማት ብራና ሲጠፋ አሮጌው ጽሑፍ ተፍቆ ሌላ ይጻፍበት የነበረበት ጊዜ አለ። የተጻፈው አዲሱ ቃል የከበረ ሊሆን ይችላል፤ የተፋቀው ግን የትም ሌላ ቦታ አይገኝም። ዝግ ቦዲ ተነሥቶ የሌ ማን ቅጂ ሲጫን የሚሆነው ይህ ነው፤ ልዩነቱ ዛሬ ብራናው አለመጥፋቱ ነው።

ሁሉም አሸናፊ ሲሆን

ቅጂው ሲበዛ ታሪኩ ራሱ ይዛባል። ቤንትሊ በሌ ማን ያሰለፋቸው የፋብሪካ መኪኖች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ዛሬ ግን በአንድ የክለብ ስብሰባ ላይ የሚቆሙትን አረንጓዴ ክፍት ቤንትሊዎች ያየ ወጣት፣ በ1920ዎቹ እንግሊዝ ውስጥ ማንም ጣሪያ ያለው መኪና አልነዳም ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። ሐኪሙ ሌሊት በሽተኛ ሊያይ የሄደበት፣ ነጋዴው ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ወደ ባሕር የወረደበት፣ ሹፌሩ በር ከፍቶ የቆመበት መኪና ከእይታ ጠፍቷል። ማይክል ሄይ የተባለው የታሪክ ጸሐፊ የክሪክልውድ ቤንትሊዎችን በሻንሲ ቁጥር ዘርዝሮ፣ በመጀመሪያ ምን ቦዲ እንደነበራቸው መዝግቧል። የእሱን ዝርዝር በሜዳ ከቆሙት መኪኖች ጋር ያስተያየ ሰው የጠፋውን መጠን ወዲያው ይረዳል።

በጣሊያንም ተመሳሳይ ነገር ሆኗል። ፌራሪ ከ1960 እስከ 1963 ባለው ጊዜ 250 ጂቲኢ የተባለ ባለ አራት መቀመጫ መኪና ከ950 በላይ ሠራ። በብዛት የሠራው የመጀመሪያው ባለ አራት መቀመጫ መኪና ይኸው ነው። በዚያው ዘመን 250 ጂቲኦ የሚባለውን የውድድር መኪና 36 ብቻ አወጣ። ሁለቱ በሞተር ዘመድ ናቸው። ጂቲኦው የዓለም ውዱ መኪና ወደ መሆን ሲያመራ፣ ጂቲኢው ግን ለረጅም ጊዜ ርካሽ ሆኖ ቆየ። ውጤቱ የታወቀ ነው፤ ብዙ ጂቲኢዎች ቦዲያቸው ተጥሎ ሻንሲያቸውና ሞተራቸው የጂቲኦ ቅጂ ሆነ። ጂቲኢው የውድድር ክብር አልነበረውም እንጂ ታሪክ ግን ነበረው። የሮም ፖሊስ በ1960ዎቹ አንዱን ጥቁር ጂቲኢ ሌባ ማሳደጃ አድርጎት ነበር፤ አርማንዶ ስፓታፎራ የተባለው ፖሊስ በጎዳናው ላይ ያሳየው አነዳድ እስከ ዛሬ ይነገራል። ያ መኪና ከነቦዲው የተረፈው ታሪኩን የሚያውቅ ሰው እጅ ስለገባ ነው። ታሪካቸው ያልታወቀላቸው ወንድሞቹ ዕድሉን አላገኙም።

በ2019 የቦሎኛ ፍርድ ቤት የጂቲኦው ቅርጽ የጥበብ ሥራ ነው፣ ያለ ፌራሪ ፈቃድ ሊቀዳ አይችልም ብሎ ወሰነ። ውሳኔው የሚጠብቀው ግን የሚቀዳውን ዝነኛ መኪና ነው። ለቅጂው ሲባል የሚፈርሰውን መኪና የሚጠብቅ ውሳኔ አይደለም።

«አሮጌው ቁጥር አንድ» በፍርድ ቤት

የቅጂ ደጋፊዎች ያላቸው ጠንካራው ክርክር በ1990 በለንደን ከፍተኛው ፍርድ ቤት የተሰማ ነው። «ኦልድ ነምበር ዋን»፣ ማለትም «አሮጌው ቁጥር አንድ» የሚባለው ቤንትሊ ሌ ማንን በ1929 እና በ1930 ያሸነፈ ባለ 6 ሊትር ተኩል መኪና ነው። በ1931 ብሩክላንድስ በሚባለው የእንግሊዝ የውድድር መንገድ በተካሄደው የ500 ማይል ውድድርም አሸንፏል። በ1932 የ8 ሊትር ሞተር ተገጥሞለት እዚያው ሲሮጥ፣ ክላይቭ ደንፊ የተባለው ተወዳዳሪ ከመንገዱ ዳገት ላይ ወጥቶ ሞተ። ባርናቶ ከዚያ በኋላ መኪናውን ኩፔ አሠራው። ከብዙ ዓመታት በኋላ ደግሞ እንደገና ክፍት ቦዲ ለበሰ።

ባለቤቱ መኪናውን ለአንድ ኩባንያ በ10 ሚሊዮን ፓውንድ ሸጠ። ገዢው ግን «ይህ ያ መኪና አይደለም፤ ሻንሲውም ሞተሩም ቦዲውም ተለውጧል» ብሎ ክፍያውን ከለከለ። ዳኛው ኦተን ማስረጃውን መርምረው ከ1929ኙ ብረት የቀረው ጥቂት መሆኑን ተቀበሉ። ይሁን እንጂ ለውጡ በመኪናው የውድድር ሕይወት ውስጥ ደረጃ በደረጃ የመጣ፣ ማንነቱ በመካከል ያልተቋረጠ፣ ስሙንም የሚጋራው ሌላ መኪና የሌለ መሆኑን ገልጸው ለሻጩ ፈረዱ።

ብዙ ሰዎች ይህን ፍርድ «ቦዲ ቢለወጥም መኪናው ያው ነው» ብለው ያነቡታል። እኔ የማነበው በተቃራኒው ነው። አሮጌው ቁጥር አንድ የተለወጠው ለመሮጥ፣ ከአደጋ ለመነሣት፣ የባለቤቱን ፍላጎት ለመከተል ነው። እያንዳንዱ ለውጥ የራሱ ታሪክ ምዕራፍ ሆነ። የዛሬው ቅጂ ግን የራሱን ታሪክ አቋርጦ የሌላ መኪና ታሪክ ይለብሳል። ሌ ማንን ያላየ መኪና የሌ ማን ቁጥር ይጻፍበታል። ፍርድ ቤቱ ያከበረው ያልተቋረጠ ሕይወትን ከሆነ፣ ቅጂው የሚቆርጠው ያንኑ ነው።

ዝገት ሲከበር

ላለፉት ሃያ ዓመታት ሚዛኑ እየተለወጠ መጥቷል። በጁላይ 2009 በስዊዘርላንድና በጣሊያን ድንበር ካለው የማጆሬ ሐይቅ አንድ ቡጋቲ በሰንሰለት ተስቦ ወጣ። የ1925 ብሬሺያ ዓይነት ነው። ቀረጥ ስላልተከፈለበት በ1936 ሐይቅ ውስጥ ተጥሎ፣ ከ70 ዓመት በላይ ከ50 ሜትር በሚበልጥ ጥልቀት ተኝቶ ኖሯል። ግማሽ ጎኑን ውኃው በልቶታል። በጃንዋሪ 2010 ፓሪስ ላይ በጨረታ ሲቀርብ 260,500 ዩሮ አወጣ። የገዛው አሜሪካዊው ሰብሳቢ ፒተር ሙሊን አላደሰውም፤ ዝገቱንና ጭቃውን እንደያዘ በካሊፎርኒያ ሙዚየሙ አቆመው።

በ2014 ደግሞ በምዕራብ ፈረንሳይ በአንድ ቤተሰብ ይዞታ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል የተተዉ መኪኖች ተገኙ። ከመካከላቸው አንድ ፌራሪ 250 ካሊፎርኒያ በአሮጌ መጽሔቶች ክምር ሥር ተቀብሮ ነበር። በፌብሯሪ 2015 አቧራው ሳይጠረግ ለጨረታ ቀርቦ ከ16 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ተሸጠ። ሰዎች የከፈሉት ላልተነካ ነገር ነው።

ከሁሉም የሚበልጠው ምልክት የመጣው በኦገስት 2024 ነው። ከ1950 ጀምሮ በካሊፎርኒያ ፔብል ቢች የሚካሄደው የመኪና ውበት ውድድር ዋናውን ሽልማት ለአሥርተ ዓመታት የሚሰጠው እንደ መስታወት ለሚያበሩ፣ ከአዲስ በላይ አዲስ ለተደረጉ መኪኖች ነበር። በዚያ ዓመት ግን ያልታደሰ መኪና ለመጀመሪያ ጊዜ አሸነፈ። የ1934 ቡጋቲ ዓይነት 59 ነው፤ የቤልጂየሙ ንጉሥ ሊዮፖልድ 3ኛ የነዱት። ቀለሙ ተሰንጥቋል፤ ወንበሩ ተበልቷል። ልብ ሊባል የሚገባው፣ ይህ መኪና ከመጀመሪያው ቅርጹ ተለውጧል። ፋብሪካው ራሱ ከግራንድ ፕሪ መኪናነት ወደ ስፖርት መኪናነት ቀይሮታል፤ ንጉሡም ጥቁር አስቀብተውት በቢጫ መስመር አስጊጠውታል። ዳኞቹ ያከበሩት ለውጦቹን ከነምክንያታቸው ነው።

የዓለም አቀፉ የድሮ መኪኖች ፌዴሬሽን፣ ፊቫ፣ ይህን አስተሳሰብ «የቱሪን ቻርተር» በሚባለው ሰነድ መርሕ አድርጎታል። ሰነዱ በ1964 ለሕንጻ ቅርሶች ከወጣው የቬኒስ ቻርተር መንፈስ የተቀዳ ነው። ፍሬ ነገሩ ግልጽ ነው፤ ከማደስ ይልቅ መጠበቅ ይቅደም፤ የሚነካው በተቻለ መጠን ጥቂት ይሁን፤ የተተካው ክፍል ምልክት ይደረግበት፤ የተሠራው ሁሉ ይመዝገብ።

ቅጂ ያለ ተጎጂ

ይህ ሁሉ ቅጂ መሥራት ኃጢአት ነው ማለት አይደለም። ቤንትሊ ኩባንያ ራሱ በ2019 ጥሩ መንገድ አሳየ። የ1929 የውድድር ቡድን አባል የነበረውን ባለ ሱፐርቻርጀር «ብሎወር» መኪናውን ፈታትቶ፣ እያንዳንዱን ክፍል በሌዘር ለክቶ፣ 12 አዳዲስ መኪኖችን ከመጀመሪያው ጀምሮ አዲስ አድርጎ ለመሥራት ወሰነ። በጥንቱ ዘመን የተሠሩት ብሎወሮች 55 ብቻ ናቸው። አሮጌው መኪና ተመልሶ ተገጠመ። አዲሶቹ ደግሞ አዲስ መሆናቸው በይፋ ተነገረ። አናጢው ሠራ፣ ባትላሜራው ሠራ፣ ገዢው ነፋሱን አገኘ፤ አንድም ዝግ ቦዲ አልፈረሰም።

ቦዲያቸውን ከስልሳና ከሰባ ዓመት በፊት ያጡ ሻንሲዎችም አሉ። እነዚህ ክፍት ቦዲ ቢለብሱ የሚጎዱት ነገር የለም። ባለቤቱ የመጀመሪያውን ቦዲ ከፎቶግራፍ አይቶ መልሶ ለማሠራት ቢመርጥ ደግሞ የበለጠ ይመሰገናል። እንጨቱ ፈጽሞ የበሰበሰ ቦዲም የሚተካበት ጊዜ አለ። መስመሩ የሚሰመረው በሕይወት ያለውን ቦዲ ገፍፎ ሌላ ማስመሰል ላይ ነው።

ከዚህ የሚወጣው ሕግ አጭር ነው። የመጀመሪያ ቦዲውን የያዘ መኪና እንደያዘ ይኑር። ቅጂ የሚሠራ ሰው ቦዲ ከሌለው ሻንሲ ወይም ከአዲስ ብረት ይጀምር። ሻንሲ አይቆረጥ። ቦዲ መነሣት ግድ ከሆነ፣ የተነሣው በደረቅ ቦታ ከሻንሲ ቁጥሩ ጋር ይቀመጥ፤ በሚቀጥለው ሽያጭ ከመኪናው ጋር ይሂድ። ቅጂውም ቅጂ መሆኑ በሊብሬው ላይም በሻጩ አንደበትም ይነገር።

ጉዳዩ ከእኛም ሩቅ አይደለም። በአዲስ አበባ ብሔራዊ ቤተ መንግሥት የአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን መኪኖች ለሕዝብ እይታ ቀርበዋል። የሐረር ፔጆ 404 ታክሲዎች፣ የአዲስ አበባ ቮልሶች፣ በየግቢው ሸራ ለብሰው የቆሙት ፊያት 600ዎች አሁንም አሉ። መንግሥት ከ2024 ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለከለከለ፣ የቀሩት አሮጌ መኪኖች ምትክ የላቸውም። የአገራችን ባትላሜራዎች ደግሞ የማይቻል የሚመስለውን በመዶሻ የሚያወጡ ባለሙያዎች ናቸው፤ ምን እንዲሠሩ እንደሚታዘዙ ነው ጥያቄው።

ስለዚህ አሮጌ መኪና ያላችሁ አንባቢያን፣ ጋራዥ ከመግባታችሁ በፊት ሦስት ነገር አድርጉ። መኪናውን ከውስጥም ከውጭም ፎቶግራፍ አንሡ። አባታችሁ ወይም የቀድሞው ባለቤት ስለሱ የሚያውቁትን ጽፋችሁ ከሊብሬው ጋር አስቀምጡ። ከዚያ ባለሙያውን «አዲስ አስመስልልኝ» ሳይሆን «ያለውን አቆይልኝ» በሉት። ሞተር ይጠገናል፣ ፍሬን ይለወጣል፣ ጎማ ይገዛል። የመጀመሪያው ቦዲ ግን አንድ ጊዜ ከተጣለ በየትኛውም ገንዘብ አይመለስም።